ቀኑ የማይሄድ ሰዓት

ባለቤቴ ሙዘይን ሰዓት ሠሪ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ሙላት በሚባል ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ አንድ የመስታወት ሣጥን አለው። የተሠሩት ሰዓቶች በአንድ በኩል፣ ያልተሠሩት በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። ማሰሪያ፣ ባትሪ፣ ጥጥ፣ በትንሽ ብልቃጥ ቤንዚን አለ። ከሣጥኑ ኋላ ትራስ ያለው ወንበር አለ። ትራሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ጨርቁ ሲያልቅ እቀይረዋለሁ።

ሙያውን የተማረው ደሴ ነው፣ ከአንድ ሽማግሌ የመናዊ። ሰውየው አንድ የጠረጴዛ ሰዓት ሰጥቶ ፍታና ግጠም አለው። ገጠመው። እንደገና ፍታው አለው። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ሰዓት አላስነካውም። ሙዘይን ይህን ሲያወራ እንደ ቅጣት አድርጎ አያወራውም። «አንዱን ሰዓት ያወቀ ሁሉንም ያውቃል፤ የቀረው ጌጥ ነው» ይላል።

እኔ የአንደኛ ክፍል መምህር ነበርኩ። የተዋወቅነው የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ወደ እሱ ይዤ በሄድኩ ጊዜ ነው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ከፈተው፣ ከውስጡ አንዲት የሞተች ንብ በወረንጦ አወጣ። «ሌላ ሕመም የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ያ ሰዓት እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሄዷል።

የሚወደው በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው። ሰዓትና ደቂቃ የሚያሳይ፣ ሌላ ነገር የሌለበት። ባትሪም ይቀይራል፤ ባትሪ የሚቀይርበት ፊቱ ግን የቸርቻሪ ፊት ነው። የሚሞላ ሰዓት ሲመጣለት ወንበሩን ያስተካክላል። ሐይቁ ላይ የሚውሉት ዓሣ አጥማጆች ውኃ የጠጣ ሰዓት ያመጡለታል። ከሐይቅ እስጢፋኖስም አንድ አባት በዓመት አንድ ጊዜ የጠረጴዛ ሰዓት በጋቢያቸው ጠቅልለው ይመጣሉ። የመስጊዱንም ሰዓት የሚያየው እሱ ነው። ሙላት ይህን ይዞ ይቀልዳል። «እስላሙንም ክርስቲያኑንም በሰዓቱ ለጸሎት የሚያቆም ይሄ ሰው ነው። ራሱ ግን ሥራ የሚገባው ረፋዱ ላይ ነው።»

ጦርነቱ እኛ ጋ በደረሰ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ስልኮች ሁሉ ሞቱ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሰዓት የሚጠይቀው ከእኛ ግድግዳ ነበር። ሙዘይን በዚህ አልኮራም። ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ ሰዓቱን ይሞላል፤ መሙያው አልዞርም ብሎ ሲያመነታ ያቆማል፤ አለቀ።

ጌጥ የበዛበትን ሰዓት ግን አይነካም። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ አንድ ነጋዴ የእጅ አንጓ የሚያህል ሰዓት ይዞ መጣ። እኔ ምሳውን አድርሼ ሣህኑን እየጠበቅኩ ነበር።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ይሄ ቀን ያሳያል፣ ወር ያሳያል፣ የዱባይንም ሰዓት ያሳያል» አለ ሰውየው።

«ዱባይ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝ።»

«ታዲያ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ምን ያደርግልሃል?»

ሙላት ከስፌት መኪናው ኋላ ሳቀ። ሰውየውም ሳቀ፤ ሰዓቱን ግን ወደ ኪሱ አልመለሰም። ሙዘይን ገፋ አደረገለት። «የተጨመረ ጥርስ ሁሉ አንድ ቀን የሚሰበር ጥርስ ነው። ሰዓት አንድ ሥራ አለው። ሌላውን ከጫንክበት ዋናውን ይተዋል። እኔ አልከፍተውም፤ ደሴ ውሰደው።»

ሰውየው ሄደ። ሙዘይን ምሳውን በላ።

አንድ ልጅ ነበረን፤ ኢምራን። የሰዓት ሥራ አልወደደም። ቁጭ ብሎ መዋል አይሆንለትም ነበር። ከአባቱ የወሰደው የሰዓት አያያዙን ብቻ ነው፦ ጠዋት ከሱብሂ በኋላ መሙላት፣ ሲያመነታ ማቆም፣ አለማስገደድ። አድጎ ሳውዲ ሄደ። እዚያ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ቤት ገባ። ሽማግሌውን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ለሰላት ያነሣል። ሰውየው ሰዓት የሚወድ ነበር፤ መሳቢያ ሙሉ ሰዓት ነበረው። የሰዓት ሠሪ ልጅ ነኝ ብሎ ኢምራን ሲነግረው ይበልጥ ወደደው። ከሰዓቶቹም አንዱን ሰጠው። ይህን በስልክ ነግሮን ነበር። «አባዬ፣ አንተ የማትከፍተው ዓይነት ነው» ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ኋላ ሽማግሌውን ሕመም ጠንቶበት ልጆቹ ወደ ከተማ ወሰዱት። ኢምራንን ከከተማው ርቆ ያለ የተምር እርሻቸውን እንዲጠብቅ አደረጉት። ብቻውን ነበር። ስልክ አይሠራም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ምግብና ውኃ የሚያደርስ መኪና ይመጣል፤ በዚያ ቀን ኢምራን በመኪናው፣ ሾፌሩ ወደሚያውቀው ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ወጥቶ ይደውልልን ነበር። ሌላ ቀን ስልኩን አንጠብቅም።

አንድ ቅዳሜ የደወለው ባድሩ ሆነ። ባድሩ የአምባሰል ልጅ ነው፣ ውጫሌ አካባቢ፤ በሽማግሌው ቤት አብረው ሠርተዋል። ሙዘይን ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቆየ። መኪናው ሲደርስ ኢምራን አልጋው ላይ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። በዚያው ቀን ቀበሩት።

የረመዳን ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ለቅሶው በእኛ ቤት ሆነ። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ፣ ሄደ። እኔ ሰው ሲመጣ ተነሣሁ፣ ሲሄድ ተቀመጥኩ። ወጥ የሠሩት ጎረቤቶች ናቸው።

የምናውቀው ይህን ያህል ነበር፤ በሁለት ቅዳሜዎች መካከል ሞተ። የትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት በኋላ አፈር ይገባል። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጄ ሳይታጠብና ሳይሸፈን ምን ያህል ቆየ? ሙዘይንም ሌላ ነገር አያስብም ነበር። አላወራነውም።

በጾሙ መጀመሪያ ባድሩ ለዕረፍት አገር ገባ፤ በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ሲቀመጥ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጥ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣ።

«እጁ ላይ ነበረ፣ አባ» አለ ሙዘይንን። «ያጠቡት ሰዎች ናቸው የሰጡኝ። አንቱ ዘንድ ይድረስ ብዬ ሌላ ሰው አላስነካሁትም።»

ሙዘይን መሐረቡን ፈታ። ቀጭን የወርቅ ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉ፤ አንዱ የሳምንቱን ቀን፣ አንዱ የወሩን ቀን፣ አንዱ ወሩን ያሳያል። ከታች ደግሞ በትንሽ መስኮት ሰማያዊ ሰማይና ጨረቃ አለ። የሚያምር ነው። ቆሟል።

«ሽማግሌው ሲሰጠው ምን እንዳለው ያውቃሉ?» አለ ባድሩ። «‹ይህን መቶ ዓመት ቀኑን አትነካውም። ወሩ አጭር ይሁን ረጅም፣ ራሱ ያውቃል› አለው።»

ሙዘይን መሙያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ጥቂት አዞረውና ተወው። «በእጅ የሚሞላ ነው» አለ።

ባድሩ ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። እኔ የሰዓት ሠሪ ሚስት ስለሆንኩ አወቅኩ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ጠዋት ከተሞላ በማግስቱ ማታ ይቆማል። ኢምራን ጠዋት ጠዋት ይሞላል። ሰዓቱ የቆመበት ቀን ከታወቀ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላበት ጠዋት ታወቀ። የሳምንቱን ቀን የሚያሳየውን ክብ አየሁ። በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ቀስቷ ሰኞ ላይ ናት።

«እሑድ ጠዋት ሞልቶታል» አለ ሙዘይን።

ሰኞ ጠዋት አልሞላውም ማለት ነው። የተገኘው ቅዳሜ ነው። ተነሥቼ ማጀት ገባሁ፤ ያልቆሸሸ ድስት አጠብኩ። ስመለስ ባድሩ ጫማውን እያሰረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙዘይን እንደ ወትሮው ሥራ ይሄዳል፤ ግን ምንም አይሠራም። ሰዓት ሲያመጡለት ይቀበላል፣ ባልተሠሩት በኩል ያስቀምጣል፣ ነገ ና ይላል። ነገም ያንኑ ይላል። ሙላት መጀመሪያ ተወው፤ ኋላ አላስቻለውም።

«ሙዘይን፣ ይሄን ሁሉ የሰው ሰዓት አስረህ የምትውለው ምን አድርገውህ ነው?»

«ይፈታሉ።»

«መቼ? ዓሣ አጥማጁ ትናንት መጥቶ ‹ሰዓቴን ከውኃው ውስጥ ባስቀምጠው ይሻል ነበር› ብሎኛል። እኔም እንግዲህ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው ሲመጣ ነገ እያልኩ ልሸኘው?»

«ሸኘው።»

ይህን የነገረኝ ራሱ ሙላት ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ። የወርቁን ሰዓትም አየው። «ይሄ እኮ ቤት ያሠራል!» አለ። ሙዘይን መሐረቡን ቋጠረበት። እሱም ደግሞ አላነሣውም።

እኔም ቤት ውስጥ የምሠራውን እሠራ ነበር። እጠርጋለሁ፣ ለማፍጠሪያ ሾርባ እሠራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። አላለቀስኩም። እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ያሉትን ቀኖች ግን፣ ልብስ ሳሰጣ አንድ በአንድ እጠራቸው ነበር።

ጾሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አንድ ማታ አፍጥረን ጨረስን። ሙዘይን ሰዓቱን ይዞ ደጅ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ።

«ኑርሀያት፣ ነይ እስቲ።»

ጨረቃዋ በሐይቁ በኩል ወጥታለች። ክብ ናት፤ ግቢው ሁሉ ይታያል። ሰዓቱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እዚህ መስኮት ላይ ያለችው ጨረቃ እንዴት ናት?»

«ሙሉ ናት።»

«ከላይ ያለችውስ?»

«ሙሉ ናት።»

«ኢምራን በሞተ ሳምንት ጨረቃ ነበረች?»

አሰብኩ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሲወጣ በባትሪ ነበር የሚሸኝ። በዚያው ሰሞን ልጆች ጾም ገባ አልገባ እያሉ ጨረቃ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ።

«አልነበረችም» አልኩ።

«አልነበረችም። እንግዲያው ይህች ጨረቃ የዚያ ሳምንት ጨረቃ አይደለችም።»

«ሰኞውስ?»

«አላውቅም። ጨረቃዋ ብቻ ተዛብታ ከሆነ ሰኞው ልክ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ባንድ ላይ ከቆሙ ግን ሰኞውም የዚያ ሳምንት አይደለም። ሳይከፈት አይታወቅም።»

«ክፈተዋ።»

ሰዓቱን መሐረቡ ውስጥ መለሰው። «ከእጁ የወጣ ነገር ይህ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ከፍቼ አላውቅም። አንድ ነገር ካመለጠኝ ማየት የምንችለውንም አጠፋዋለሁ» አለ።

እኔም አልገፋሁትም። ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለታችንም አንድ ነገር ስንጠብቅ ነበር። ሰኞው ውሸት እንዲሆን።

ዒዱ አለፈ። ባድሩ ሊመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙዘይን ደወለለትና ሳትሄድ ብቅ በል አለው። ከውጫሌ በሚኒባስ መጣ። እኔ ምሳ ይዤ ስሄድ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ባድሩ ለደንበኛ በተቀመጠችው ዱካ ላይ ነው። ሙላት የስፌት መኪናውን አቁሞ የሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ያዳምጣል።

«ይህን ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር ያዞረው ሰው አለ?» አለ ሙዘይን።

«ራሱ ነዋ! ቤቱ ሁሉ ይስቅበት ነበር እኮ፣ አባ» አለ ባድሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ሱዳናዊው ሾፌር ሆነ ብሎ ይጠይቀዋል። ‹ኢምራን፣ ስንት ሰዓት ነው?› ‹አራት።› እዚያ ጠዋት አሥር ነው። ‹የናንተ አገር ሰው አርፍዶ ነው የሚነሣ ማለት ነው› ይለዋል። ኢምራን ‹የለም፤ እኛ ፀሐይ ስትወጣ ነው የምንጀምር። እናንተ ናችሁ በጨለማ ተነሥታችሁ የምትቆጥሩ› ይለዋል። በየቀኑ ነው ይሄ። አልሰለቻቸውም።»

ሙላት ሳቀ። «ልክ ነው የነገረው!»

«መቼ ነበር ያዞረው?» አለ ሙዘይን።

«የተሰጠው ማታ። ዒሻ ሰግደን ገብተን፣ ራት በልተን፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ።»

«ያን ጊዜ ሰዓቱ ስንት ይል ነበር?»

ባድሩ አሰበ። «አሥር። የእነሱ አሥር። እሱ ወደ አራት አመጣው።»

«ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ?»

«ወደ ኋላ ነዋ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። ሁላችንም እንደምናደርገው።»

ሙዘይን እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሣ።

«ምነው?» አለ ሙላት። «ወደ ፊትስ ቢሆን፣ ወደ ኋላስ ቢሆን፣ መድረሻው አንድ አይደለም?»

«ለተራ ሰዓት አንድ ነው። ከዐረብ አገር ከመጣው ሰዓት እኔው ራሴ ስንቱን ወደ ኋላ አዙሬያለሁ። ይህኛው ግን ማታ ማታ ነገን መግፋት ይጀምራል። ቀኑን፣ ወሩን፣ ጨረቃውን የሚገፋ ጣት አለው። ጣቱ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ሳለ ወደ ኋላ ከጎተቱት…»

«ጨረቃዋስ ያን ማታ እንዴት ነበረች?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ባድሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሙሉ ነበረች፣ እትዬ። ሽማግሌው በየወሩ ጨረቃ የምትሞላበትን ሦስት ቀን ይጾማል። ያን ዕለት አፍጥሮ፣ ደስ ብሎት ነው የሰጠው።»

«ሰኞ ነበር?»

«ሰኞ… አዎ፣ ሰኞ ነው። ሐኪሙ የሚመጣው ሰኞ ሰኞ ነበር። ሐኪሙን ሸኝተን ነው ያፈጠርነው።» ከእኔ ወደ ሙዘይን፣ ከሙዘይን ወደ እኔ አየ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም» አለ ሙዘይን።

«ቀኑ እንደማይሄድ እኮ ነግሬው ነበር። በማግስቱም ያው ሰኞ ይላል። ‹ተበላሽቶብሃል፣ ለሽማግሌው ንገረው› ስለው፣ ‹የፈረንጅ ቀን ምን ያደርግልኛል፤ ሰዓቱ ይሄዳል አይደል? አገር ስገባ አባቴ ይከፍተዋል› አለኝ።»

አንድ የጭነት መኪና በአስፋልቱ አለፈ። የሣጥኑ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ሙዘይን ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ነጭ ጨርቅ ዘረጋ። ሙላት ከመንገዱ በኩል አቧራ እንዳይገባ ያልተሰፋ ጨርቅ ከበረንዳው ምሰሶ አሰረና ጋረደለት። ሙዘይን ሰዓቱን ከፈተ። ቀስ ብሎ ነው የሠራው። ያወጣውን እያንዳንዱን ነገር በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። የእኛ ሰዓት በጣት የሚቆጠር ነገር አለው፤ ይህኛው ጨርቁን ሞላው። ምሳው ቀዘቀዘ። ባድሩ ሚኒባስ ያመልጥሃል ቢባልም አልሄደም።

የዓሱር ሰላት ተጠርቶ፣ ሰግደው ተመልሰው፣ ሙዘይን እንደገና ተቀመጠ። ኋላ ወረንጦውን ወደ እኔ አቀረበ። ጫፉ ላይ ሽፋሽፍት የሚያህል ብረት ነበር። ባይነግረኝ ኖሮ ብረት አይመስለኝም።

«ይህ ነው ጣቱ» አለ። «ከሥሩ ተሰብሯል። ሁሉንም የሚገፋ እሱ ነው። ከዚያ ማታ ወዲህ ቀኑም፣ ወሩም፣ ጨረቃዋም አልተንቀሳቀሱም። ይህ ሰኞ ሰዓቱን የተቀበለበት ሰኞ ነው።»

«የሞተበት አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሞተው?»

ይህን ቃል በአፋችን ስናወጣው የመጀመሪያ ነበር። ሙዘይን ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ያረፈበት ቦታ ቀይ ክብ ሠርቷል።

«አይታወቅም» አለ። «በሁለቱ ቅዳሜ መካከል።»

«እሑድ ላይሆን ይችላል?»

«ላይሆን ይችላል። ዓርብም ሊሆን ይችላል። መኪናው ሊደርስ ሲል ሊሆንም ይችላል።»

«እሑድም ሊሆን ይችላል።»

«እሑድም ሊሆን ይችላል።»

ሣህኑን አነሣሁ። ያልተበላ ምሳ ነበረበት። ሣህኑን ይዤ እዚያው ቆምኩ።

«ጣቱን ትሠራዋለህ?» አለ ሙላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከመርፌ ብሞክር እሠራው ይሆናል።»

«ከተሠራ ቀኑ ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

ሙዘይን ስባሪዋን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጣለና ከደነ። ሌላውን ሁሉ አጸዳ፣ ዘይት ነካ ነካ አደረገ፣ እንዳወጣው አድርጎ መለሰ። ከዚያ ሁሉ ጌጥ ሥር ያለው ሰዓት የእኛው ዓይነት ሰዓት ነው አለን። ምንም አልሆነም። ሞላው። ጆሮው ላይ አደረገው፤ ከዚያ ለባድሩ አስደመጠው።

«ይሄዳል» አለ ባድሩ።

«ድሮም ይሄድ ነበር» አለ ሙዘይን። የራሱን ሰዓት አየ፤ መስታወቱ የተጫጫረ፣ የመናዊው የሰጠው ነው። የወርቁን ሰዓት ከእሱ ጋር አስተካከለ። ሲያስተካክል ወደ ፊት ነው ያዞረው። የሚሰበር ነገር አልቀረውም፤ ቢሆንም ወደ ፊት ነው ያዞረው።

ባድሩን መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ሲሰናበተን የሙዘይንን እጅ ሳመ።

«አባ፣ እርሻው ውስጥ አሁን እኔ ነኝ የምቀመጥ» አለ። «አዲስ ሰው እስኪያገኙ።»

ሙዘይን እጁን አልለቀቀውም። «ቅዳሜ ስትደውል ለእኛም ደውል።»

«እሺ፣ አባ።»

«ኮረብታው ላይ ወጥተህ።»

«እሺ።»

የኢምራንን ሰደቃ በሚቀጥለው ሳምንት አደረግን። በየትኛው ቀን ይሁን ብለው ሲጠይቁን የምንለው አጣን። ሙዘይን ቅዳሜ ይሁን አለ፤ አፈር የገባበት ቀን ነው። እሱ ቀን ይታወቃል። ሙላትና ሚስቱ ከጠዋት ጀምረው ውኃ ሲቀዱና ወንበር ሲያመጡ ዋሉ። ዱዓ ያደረጉት ሽማግሌዎች ስሙን ሲጠሩ ቀና አልኩ። ያን ማታ ተኛሁ። እስከ ሱብሂ አልነቃሁም።

በማግስቱ ሙዘይን ረፋዱ ላይ ሥራ ገባ። ማታ የዓሣ አጥማጁን ሰዓት ሠርቶ እንደሰጠው ሙላት ነገረኝ። «ዝገት በላው ብዬ ነበር፤ አልበላውም» ብሎ ሙዘይን ራሱም ነገረኝ። ይህን ያህል ነው ያወራው። ያልተሠሩት በኩል ያለው ቀስ በቀስ እያነሰ ሄደ።

የኢምራን ሰዓት ቤት ነው፤ የኢምራን ልብስ በነበረበት ሣጥን ላይ፣ በዚያው መሐረብ ላይ። ስባሪዋ ያለችበት ብልቃጥ አጠገቡ ናት። ባድሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ብዙ አናወራም። ደኅና ነህ፣ በላህ፣ ጠጣህ፣ እንላለን። አንድ ቅዳሜ እስከ ማታ ሳይደውል ቀረ። ሙዘይን ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ሽንኩርት ስልጥ ነበር፤ የላጥኩትን መልሼ አጠብኩት። ጨለማ ሲሆን ደወለ። መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ነው።

ሰዓቱን ጠዋት ጠዋት የምሞላው እኔ ነኝ። ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ አነሣዋለሁ። መሙያው ቀጭን ነው፤ ለእኔ ጣት ትንሽ ያስቸግራል። ሲያመነታ አቆማለሁ። ሰዓቱ ልክ ነው፤ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አንድ ላይ ይሄዳል። ቀስቷ ሰኞ ላይ ናት፤ ጨረቃዋ ሙሉ ናት። መሐረቡ ላይ አስቀምጠውና እሳት ለማያያዝ እሄዳለሁ።